ሦስት ስድብ በትኬት

የሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት የውድድር ዘመን ክፉ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ በጥቅምት አርባ ሦስት ገባ፤ ከዚያ አልወረደም። የደቻቱ ወንዝ ሁለት ዓመት ውሃ አላየም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ጨዋታ ተደረገ። በአራቱ ተጫዋች ሙቀት ጥሎት በቃሬዛ ወጣ። በሁለቱ ተመልካች ሞተ። በሊጉ ከነበሩት አሥራ ስድስት የሕዝብ ዳኞች ሦስቱን ደም ግፊት ጣላቸው፤ አንዱ መስማት ተሳነውና ለሥራው ብቁ አይደለም ተብሎ ተሰናበተ። አሸዋ የተባለው የከተማው ክለብ ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱን ተሸነፈ። በመጋቢት መጨረሻ ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሁሉ ወደ ደጋ እንዲወጣ ደንብ ወጣ። ደንቡ "የአረጋውያን እንክብካቤ" ይባላል። አውቶቡሶቹ ሰኞ ሰኞ ጧት ይነሣሉ። ማታ ይመለሳሉ፤ ባዷቸውን።

ዘርጋው አበጋዝ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ደንቡ አልነካውም። በሥራ ላይ ያለ የሕዝብ ዳኛ ነፃ ነው፤ ምትክ አይገኝለትምና።

የሕዝብ ዳኛ የሚለው የውል ስሙ ነው። ከተማው "ተሰዳቢ" ይለዋል።

ሰው ሜዳ ላይ መፍረድ ካቆመ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗል። የሚፈርደው "ዓይኑ" የሚባለው የካሜራ መሣሪያ ነው። ዓይኑ በስታዲየሙ ጣሪያ ሥር በአርባ ቦታ ተተክሏል፤ አይሳሳትም፤ ትንፋሽ ሳትስብ ፍርዱን ይሰጣል። ሥራ የጀመረ ቀን በየጋዜጣው ጭቅጭቅ አበቃ ተብሎ ተጻፈ። እውነት ነበር። ችግሩም እሱ ነበር። ሰው የሚሰድበው አጣ። መጀመሪያ ዓይኑን ሰደበ፤ ዓይኑ ዝም አለው። ቀጥሎ ድንጋይ ወረወረበት፤ ዓይኑ ወርዋሪውን በሙሉ ስሙ ከነአያቱ ጠርቶ ቀጣው። ከዚያ እርስ በርሱ ተደባደበ። መደባደብም ሲከለከል ቤቱ ገብቶ ተደባደበ፤ የእሑድ ማታ የሆስፒታል በር በሚስቶች ተጨናነቀ። ኮሚሽን ተቋቋመ። ሦስት ዓመት አጠና። የጥናቱ ውጤት ሜዳ ላይ አንድ ሰው ያስፈልጋል የሚል ሆነ። ለቦታው የወጣው ማስታወቂያ ትምህርት አይጠይቅም ነበር። ልምድም አይጠይቅም። ተፈላጊ ችሎታ በሚለው ሥር አንድ መስመር ብቻ ነበረች፤ "ሰው የሆነ።"

ሥራው ይኸው ነው። ዘርጋው ጥቁር ለብሶ ይገባል። ኳስ ወዳለበት ይሮጣል፤ ባይሮጥም ማንም አይጠይቀው፤ ግን ቆሞ ያለ ሰው መስደብ ለሕዝቡ ደስ አይለውም። ዓይኑ ሲፈርድ እጁን ያነሣል። ደረቱ ላይ ያለው ማይክሮፎን ይከፈታል። "ውሳኔው ጸንቷል" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ሰከንድ የሕዝቡ ነው።

አንድ ትኬት ሦስት ስድብ ይይዛል። ራሰ በራነት፣ ሆድ፣ እግር፣ ዕውርነት ለሁሉም ክፍት ናቸው። የእናት ስድብ ለክብር ትሪቡን ብቻ ነው። ሃይማኖትና ብሔረሰብ ክልክል ነው፤ አገሪቱ ብዙ ተምራለች። ጨዋታው ሲያልቅ ሐኪም የደም ግፊቱን ይለካል፤ ዘርጋውም አንድ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ቅጹ "ዛሬ በበቂ ሁኔታ ተሰድቤአለሁ" ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በቂ አይደለም ብሎ አያውቅም።

ሰኞ ጧት ዳቦ ሊገዛ ደበላ ዘንድ ይሄዳል። ደበላ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የአሸዋ ደጋፊ ነው፤ የአሸዋ ደጋፊዎች በሚሞሉት ጥላ ፎቅ አራተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል።

"አቦ ዘርጋው! ትናንት እንዴት ነበርኩ?"

"የትኛው ነበርክ?"

"ኮርነሯ ጋ! 'ፊትህ ያልተጨመቀ መወልወያ ይመስላል' ያልኩህ።"

"ሰምቼዋለሁ።"

"እና?"

"ረዘመ። እስክትጨርስ ኳሷ አለፈች።"

ደበላ ዳቦውን እየጠቀለለ አቀረቀረ። "ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩባት ናት እኮ። ሚስቴ ስቃለች።"

"ሚስትህ ደግ ሰው ናት።"

"ለማንኛውም አትቀየመኝ።" አንድ ዳቦ ጨመረለት። ይኼም ልማድ ሆኗል፤ እሑድ የሰደበ ሰኞ ይመርቃል። ልማዱ ደንብ ውስጥ ስላልገባ እስካሁን አልተበላሸም።

ከደበላ ምድጃ በላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። የአሸዋ ተጫዋቾች ዋንጫ ይዘው ይስቃሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት። አሸዋ በታሪኩ ያገኘው ዋንጫ ያ ብቻ ነው። ዘርጋው ዳቦ ሲገዛ ወደ ላይ አያይም።

ያን ዋንጫ የሰጣቸው እሱ ነው።

የዚያን ጊዜ ዘርጋው የሚፈርድ ዳኛ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ። የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፤ አሸዋ ከደቻቱ፣ ሁለቱም የድሬ ክለብ። ደቻቱ አቻ ከወጣ ዋንጫው የሱ ነው። አሸዋ አንድ ለዜሮ ይመራል። ሰዓቱ አልቆ የባከነው ደቂቃ ላይ ሙሜ አደም የተባለ የደቻቱ አጥቂ መታ። ኳሷ አግዳሚውን ነክታ መስመሩን አለፈች፤ መሬት ነጥራ ተመልሳ ወጣች። የመስመር ዳኛው ወድቆ ነበር። ሁሉም ዘርጋውን አየ። ዘርጋው እጁን አወዛወዘ፤ አልገባም አለ። ጥላ ፎቁ ፈነዳ። አሸዋ ዋንጫ በላ። ደቻቱ በዓመቱ ፈረሰ። ሙሜን ሌላ ክለብ አልፈለገውም፤ ባጃጅ ነዳ፤ ባጃጅ መንዳቱ ሲቀር ደግሞ የባጃጅ ማቆሚያ የሚያስተዳድር ሆነ።

ዘርጋው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ "ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በለኝ ይላል" አሉ። ሙሜ ሦስቱንም ጊዜ ሻይ አጠጥቶ መለሳቸው። "ያጠፋው አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ፊት ነው። ሲክሰኝም እዚያው ይካሰኝ። ደግሞ የሚያመጣልኝ ይኼን አይደለም" ይላቸው ነበር። ለሽማግሌዎቹ የኋለኛዋ ንግግር አልገባቻቸውም፤ ለዘርጋውም አላደረሷትም። የፊተኛዋን አደረሱ።

ዘርጋው በአምሳ አምስት ዓመቱ ይኼን ሥራ የተቀጠረው ለዚህ ነው። ወደዚያ ሜዳ መግቢያ ሌላ በር አልነበረውም። ገብቼ እናገራለሁ አለ። ውሉን ፈረመ፤ ከዚያ አነበበው። አንቀጽ ዘጠኝ የሕዝብ ዳኛ ስለ ማናቸውም ፍርድ፣ ስላለፈውም ቢሆን፣ አንዲት ቃል ቢናገር በዚያው ሰዓት ይሰናበታል ይላል። ምክንያት አለው። ዓይኑ ሲመጣ ሕዝቡ የድሮ ጨዋታዎች ሁሉ እንደገና ይታዩ ብሎ ፊልም ተሸክሞ ተሰለፈ። ሰልፉ ሁለት ኪሎ ሜትር ደረሰ። ሊጉም ስብሰባ ተቀመጠና የድሮ ዳኞች በሙሉ አንድም ቀን እንዳልተሳሳቱ በድምፅ ብልጫ አጸደቀ። ፊልሞቹ ታሸጉ።

በመጀመሪያው ዓመት ዘርጋው ሥራውን ልልመደው አለ። በአራተኛው ለሥራው የተሰጠኝ ቤት ጥላ አለው፣ እንዴት እለቀዋለሁ አለ። በዘጠነኛው ሙሜ ረስቶት ይሆናል አለ። በአሥራ አንደኛው ደንቡ ወጣ። ሙሜ በግንቦት አጋማሽ ሰኞ ወደ ደጋ ይወጣል ተባለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘርጋው ብቻውን ወደ ሙሜ ሰፈር ገንደ ቆሬ ሄደ። ሙሜ በሩ ላይ ሻንጣ ያስራል። ለአንድ ሰው የተፈቀደው አንድ ሻንጣና አንድ ወንበር ነው። ቀና ብሎ አየው።

"ምነው? ሽማግሌ አለቀብህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ተቀመጥ። ወንበሩን ግን አትልመደው፤ ሰኞ አብሮኝ ይሄዳል።"

ዘርጋው ተቀመጠ። ሙሜ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። የሙሜ ጉልበት አብጧል፤ ጢሙ በሂና ቀልቷል።

"ሙሜ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ላክሁ። ሌላ ምን ልበል?"

"አልተሳሳትክማ።"

ዘርጋው ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።

"ኳሷ ስትገባ የት ነበርክ?" አለ ሙሜ።

"ሳጥኑ ጫፍ ላይ።"

"ፀሐይ?"

"ከኋላዬ።"

"በመሐላችሁ ሰው ነበር?"

"አልነበረም።"

"እንግዲህ። ሁሉም ኳሷን ሲያይ እኔ አንተን ነው ያየሁት። መግባቷን አውቃለሁ፤ የቀረኝ አንተ ነበርክ። ፊትህ ጎል አለ፣ አቦ! እጅህ ሁሉ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ቀና ብለህ ጥላ ፎቁን አየህ። ስትመለስ ሌላ ሰው ሆነህ መጣህ።" ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከህ ተሳሳተ አስባልክ። ቢሳሳትማ በዚያው ቀን ሻይ እጋብዘው ነበር። እኔ ስንቱን ባዶ ጎል ስቻለሁ! አንተ ግን አየህና ካድክ። እኔ ተሳስቷል ብዬ ይቅር ካልኩህ ሁለታችንም ዋሸን።"

ከውጭ መኪና አለፈ። ሙሜ አቧራውን በእጁ ከፊቱ አባረረ።

"እዚያ ብናገር ያባርሩኛል" አለ ዘርጋው።

"እኔን ምንም ሳልናገር እያባረሩኝ ነው።"

"ቤቱንም ይወስዱታል። እኔም ወደ ደጋ መውጣቴ ነው።"

"ደጋ ምን አለው? ብርድ አለው፣ ጎመን አለው።" ሙሜ ተነሥቶ የሻንጣውን ገመድ ሳበ። "እሑድ እመጣለሁ። ትኬት አለኝ።"

"ልትሰድበኝ?"

"ሂድ ወዲያ! ጥላ ፎቁ ማቀዝቀዣ አለው።"

እሑድ ስታዲየሙ ሞላ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ አሸዋ ከጅማ ከመጣ ቡድን ጋር። አሸዋ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም መውረዱን አውቋል። ሕዝቡ የመጣው የተረፈውን ስድብ ሊጨርስ ነው፤ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም።

ከጨዋታው በፊት ኢክራም መልበሻ ክፍል መጣች። ኢክራም የስድብ ቁጥጥር ባለሙያ ናት፤ ከላይ በመስታወት ክፍል ተቀምጣ ከልክ ያለፈውን ትቆርጣለች። ከመሐል አገር የመጣች ስለሆነች እርስዎ ትላለች።

"ጋሽ ዘርጋው፣ ዛሬ እንግዶች አሉብን። ፊትዎን ትንሽ ከፋ ያድርጉልኝ። ባለፈው ሳምንት የተደሰቱ ይመስሉ ነበር ተብሎ ሁለት ቅሬታ ቀርቧል።"

"አልተደሰትኩም።"

"አውቃለሁ። ግን ከሩቅ አይታወቅም።"

"ኢክራም፣ ሰው ደንግጦ ቃል ቢጠፋው ማይክሮፎኑ ምን ያህል ጊዜ ክፍት ይቆያል?"

"እጅዎን እስኪያወርዱ ነዋ። ምነው፣ አሞዎታል?"

"ደህና ነኝ።"

ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ወትሮው ነበር። ዘርጋው ዘጠኝ ጊዜ እጁን አነሣ፣ ዘጠኝ ጊዜ ውሳኔው ጸንቷል አለ፣ ዘጠኝ ጊዜ ተሰደበ። አንድ ልጅ እግር አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ "በል አንተም ሞክር" ይለው ነበር። ደበላ አጭር ስድብ ይዞ መጥቷል፤ ተሻሽሏል። ሙሜ ከደበላ ሦስት ረድፍ ከፍ ብሎ፣ በአሸዋ ደጋፊዎች መሐል፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል። አንድም ቃል አላወጣም።

በሰባኛው ደቂቃ አሸዋ አገባ። ስታዲየሙ ተነሣ። ዓይኑ ወዲያው ከለከለ፤ የአጥቂው የጫማ ጫፍ በሁለት ጣት ቀድሟል። ዘርጋው እጁን አነሣ። ማይክሮፎኑ ተከፈተ። አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ጠበቀው።

ዘርጋው ቀና አለ። ጥላ ፎቁን አየ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት እንደነበረው ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተለውጧል።

"በሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት" አለ፣ "በዚህ ሜዳ፣ በዚያኛው ጎል፣ የደቻቱ ሙሜ አደም የመታት ኳስ ገብታ ነበር። እኔ ነበርኩ ዳኛው። አልተሳሳትኩም። ስትገባ አይቻለሁ። እናንተን ፈርቼ ከለከልኩ።"

እጁን አወረደ።

በመስታወት ክፍሉ ውስጥ ኢክራም ጣቷ መቁረጫው ላይ ነበር። ሥልጣኗ ከልክ ያለፈ ስድብን መቁረጥ ነው። ይኼ ስድብ መሆን አለመሆኑን ከዝርዝሩ ላይ ፈለገች። ዝርዝሩ አርባ አንድ ዓይነት አለው። አርባ አንደኛው ላይ ስትደርስ ሰውየው ጨርሶ ነበር።

ሕዝቡ መጀመሪያ ማስታወቂያ መሰለው። የሚሸጠውን ዕቃ ስም ጠበቀ። ሳይመጣ ሲቀር ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ ስታዲየም ውስጥ ተሰምቶ ስለማያውቅ የድምፅ መለኪያው ሕዝቡ ሄዷል ብሎ ደመደመ፤ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፣ ወደ ሜዳ የሚያስገቡትን በሮች ሁሉ ከፈተ። የዘርጋው አንጓ ላይ ያለው ሰዓት ተንቀጠቀጠ። "ውልዎ ተቋርጧል። ስላገለገሉን እናመሰግናለን። ነገ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት በሚነሣው አውቶቡስ አሥራ አራተኛው ወንበር ተይዞልዎታል።" አስተዳደሩ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም።

ከዚያ ከአራተኛው ረድፍ የደበላ ድምፅ ወጣ፤ ለቅሶ ያለበት ድምፅ።

"ኦፍሳይድ ነበር!"

ስታዲየሙ ፈነዳ። የዚያን ዋንጫ ፎቶ ቤቱ ያልሰቀለ የአሸዋ ደጋፊ የለም። ሦስት ስድብ በትኬት የሚባለው ተረሳ። ማንም አላሰበበትም፣ ማንም አላሳመረውም። የእናት ስድብ ከትሪቡን ሁሉ ወረደ፤ ከርካሹ ወንበር ሳይቀር። ለብዙ ዓመት በሕግ ተለክቶ የኖረ ቁጣ በአንድ ጊዜ ወጣ። የውሃ ኮዳ በረረ። ሁለተኛው የዘርጋውን ትከሻ መታው። ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ሮጡ።

ዘርጋው ከቦታው አልተነቃነቀም። 

ሙሜን ፈለገው። ሙሜ ከመቀመጫው ተነሥቷል። እጁ ግን እንደተጣመረ ነው። ደስ ያለው አይመስልም፤ የተቆጣም አይመስልም። የሚጠብቅ ይመስላል። ያን ቀንም እንዲህ ቆሞ ነበር ያየው።

ያኔ ዘርጋው ገባው። የተናገረው ወሬ ነው። ዳኛ ዕዳውን በወሬ አይከፍልም።

ጎል ሲጸድቅ ዳኛ እጁን ዘርግቶ መሐል ሜዳውን ያመለክታል። ዓይኑ ከመጣ ጀምሮ ይኼን ምልክት ያደረገ ሰው የለም። ዘርጋው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ጥላ ፎቁ አዞረ፤ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መሐል ሜዳውን አመለከተ።

ትልቁ ሰሌዳ ላይ "ያልታወቀ ምልክት" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ጩኸቱ ጨመረ። ጫማ ወረደ፣ ባትሪ ወረደ፣ ከደበላ በኩል ግማሽ ዳቦ ወረደ። ዘርጋው እጁን አላወረደም። ግንባሩ ላይ የሆነ ነገር ነክቶት ደም አንድ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ በሌላኛው ዓይኑ ጥላ ፎቁን ማየቱን አላቆመም።

ሙሜ እጁን ፈታ።

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ። ሜዳው በር ላይ ያለው ጠባቂ አየው፤ በሩ ተከፍቶ ስላገኘው ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም፤ አሳለፈው። ሙሜ ሣሩን ሲረግጥ ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሮጠ። አራት እርምጃ ሮጠና ጉልበቱ ከለከለው፤ የቀረውን እያነከሰ ሄደ፤ እጁን ግን አላወረደም። አሥራ ሁለት ሺህ ሰው እየሰደበው ማዕዘኑ ላይ ያለችው ባንዲራ ዘንድ ደረሰ። የሚያቅፈው የቡድን ጓደኛ ስላልነበረው ባንዲራዋን አንድ ጊዜ በእጁ ነካ አደረጋት። ከዚያ ያገባ ሰው እንደሚያደርገው ዞሮ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ።

በዘርጋው አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ። ያልበዋል፣ ያለከልካል። የዘርጋውን የተዘረጋ እጅ ይዞ ቀስ ብሎ አወረደለት።

"አንድ ለአንድ ነው" አለው። "በል አስጀምር።"